መዝገበ ቃላት ከመግዛትዎ በፊት «ቻርጅ»ን ይፈልጉበት፦ የትርጉም መሣሪያዎች ንጽጽር

ባለፈው ክረምት አንድ ወጣት የሥራ ልምድ ማስረጃውን ለማስተርጎም፣ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ውስጥ ወደምሠራባት የጽሕፈትና የትርጉም ክፍል መጣ። ማስረጃው ቀደም ሲል በሠራበት ድርጅት በእንግሊዝኛ የተጻፈ ሲሆን፣ ልጁ ገንዘብ ለመቆጠብ ብሎ በኪስ መዝገበ ቃላት እየታገዘ ረቂቁን ራሱ በአማርኛ አዘጋጅቶት ነበር። ከረቂቁ መካከል «በመጋዘኑ ክስ ለሦስት ዓመት ሠርቷል» የሚል ዐረፍተ ነገር አገኘሁ። ዋናው ጽሑፍ «ኢን ቻርጅ ኦፍ ዘ ዌርሃውስ» ይላል፤ ሰውየው የመጋዘን ኃላፊ ነበር እንጂ ማንም አልከሰሰውም። መዝገበ ቃላቱን ተቀብዬ ገለጥሁት። ከ«ቻርጅ» ፊት ለፊት አራት የአማርኛ ቃላት በነጠላ ሰረዝ ተለያይተው ተደርድረዋል፦ ክስ፣ ዋጋ፣ አደራ፣ ጥቃት። የትኛው መቼ እንደሚሠራ የምትናገር አንዲት ምሳሌ እንኳ የለችም። ልጁ የመጀመሪያውን አንሥቶ ሄዷል፤ ጥፋቱንም ሁሉ በእሱ ላይ ለመጣል አልደፈርሁም።

ከዚያ ቀን ወዲህ «የትኛውን መዝገበ ቃላት ልግዛ?» ለሚለኝ ሰው የምሰጠው መልስ አንድ ነው፤ መጽሐፉን ወይም የስልክ መተግበሪያውን ከመምረጡ በፊት «ቻርጅ»ን ይፈልግበት፣ የሚያገኘውንም ከሚሠራው ሥራ ጋር ያስተያይ። በድሬዳዋ ይህን ጥያቄ የሚያነሡት ሰዎች ፍላጎት እጅግ ይለያያል። ትራንዚተሩ ከጅቡቲ የመጣውን ደረሰኝ ለማንበብ፣ የአሥረኛ ክፍል ተማሪው ፊዚክሱን ለመረዳት፣ ነርሷ የሥራ ማመልከቻ ለመጻፍ፣ ልጇ ውጭ አገር የምትኖር እናት ደግሞ ከፍርድ ቤት የተላከ ወረቀት ምን እንደሚል ለማወቅ ይፈልጋሉ። ለእነዚህ ሁሉ እኩል የሚሆን መሣሪያ የለም።

ለምን ይህ ቃል ተመረጠ?

ለፈተና የሚሆን ቃል ሲመረጥ የፍቺው ብዛት ብቻ አይበቃም። እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣው የኦክስፎርድ ታላቁ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ሁለተኛ እትም «ሴት» ለሚለው የእንግሊዝኛ ቃል (ከእኛዋ ሴት ጋር በድምፅ ብቻ ይገናኛል) 430 ያህል ፍቺ ሰጥቶት ነበር፤ ከዚያ በኋላ በተደረገው ክለሳ ደግሞ «ራን» የሚለው ግሥ 645 ፍቺ ይዞ ቀድሞታል። እንዲህ ያለ ቃል ማንኛውንም መጽሐፍ ስለሚያደክም ደካማውን ከብርቱው አይለይም። «ቻርጅ» ግን መካከለኛ ነው። ዋና ዋና ፍቺዎቹ በጣት የሚቆጠሩ ሆነው እርስ በርሳቸው እጅግ የተራራቁ ስለሆኑ፣ አንዱን በሌላው የተካ ሰው ስሕተቱ ወዲያው ይታይበታል።

የፍቺዎቹ መራራቅ ግን ምንጫቸው አንድ እንዳይሆን አላደረገም። ቃሉ መነሻው «ካሩስ» የሚለው የላቲን ቃል፣ ማለትም ሠረገላ ነው፤ ከእሱ ሠረገላ ላይ መጫንን የሚገልጽ ግሥ ወጣ፣ ግሡም በፈረንሳይኛ በኩል አልፎ ወደ እንግሊዝኛ ገባ። «ካርጎ» የዚሁ ቤተሰብ ነው። አማርኛ ተናጋሪ ይህን ለመረዳት ብዙ አይቸገርም፤ «ጫነ» በሚለው ግሣችን በቅሎ ላይ ኮርቻ፣ መኪና ላይ ጤፍ፣ ገበሬ ላይ ግብር፣ ባለሥልጣን ላይ ኃላፊነት፣ ኮምፒውተር ላይ ደግሞ ፕሮግራም እንጭናለን። እንግሊዝኛው የሚለየው ባትሪ ላይ ኃይል፣ ተከሳሽ ላይ ክስ፣ ደንበኛ ላይ ሒሳብ እየጫነ እስከዚያ ድረስ መሄዱ ነው። ባሩድና አረር ወደ ጠመንጃ መክተትንም በዚሁ ቃል ይጠሩት ነበር፤ እኛ «አጎረሰ» የምንለውን ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1902 ባቡር ድሬዳዋ ከደረሰ ጀምሮ የምድር ባቡሩ የሥራ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ስለነበር፣ ለገሃር የሠሩ አባቶች ቃሉን «ሻርዥ» ብለው፣ በ«ጭነት» ትርጉሙ ያውቁታል። ልጆቻቸው ቃሉን የሚያውቁት በስልክ ባትሪ ብቻ ነው፤ «ቻርጅ ዘግቶብኛል» የሚል ወጣት ደረሰኝ ላይ «ሰርቪስ ቻርጅ» ሲያይ ግር ቢለው አያስደንቅም።

ከዚህ ሁሉ ለገዢው የሚጠቅመው ነጥብ አንድ ነው። የ«ቻርጅ»ን ፍቺ በአብዛኛው የሚወስነው ቃሉ ራሱ ሳይሆን ተከትሎት የሚመጣው መስተዋድድ ነው። «ዊዝ» ከተከተለው ክስ ወይም አደራ፣ «ፎር» ከተከተለው ክፍያ፣ «አት» ከተከተለው መንደርደር፣ ፊቱ «ኢን» ኋላው «ኦፍ» ከሆነ ኃላፊነት ነው። ይህን የማያሳይ መዝገበ ቃላት ሽፋኑ ምንም ቢያምር፣ ገጹ ምንም ቢበዛ፣ ሥራውን ግማሽ መንገድ ላይ ጥሎታል።

መመዘኛዎቹ

አማራጮቹን የመዘንሁት በአምስት ጥያቄዎች ነው። የመጀመሪያው ፍቺዎቹን በቁጥር ለይቶ ያስቀምጣቸዋል ወይስ በነጠላ ሰረዝ ይደረድራቸዋል የሚለው ነው። ሁለተኛው መስተዋድዱንና ምሳሌውን ያሳያል ወይ የሚለው ሲሆን፣ አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል የምይዘው እሱን ነው። ሦስተኛው የሚሰጠው የአማርኛ ቃል በቢሮው፣ በችሎቱ ወይም በገበያው ሰው የሚናገረው ነው ወይ ይላል፤ «ጉዳይ ፈጻሚ» የሚለው የዲፕሎማሲ ስያሜ ለምሳሌ፣ ከ«ቻርጅ» ጋር አንድ ሥር ላለው የፈረንሳይኛ ማዕረግ የተሰጠ የጸና አቻ ነው፤ ቃል በቃል እየተረጎመ ሌላ የሚፈጥር መሣሪያ አይታመንም። አራተኛው መብራት ሲጠፋና የኢንተርኔት ጥቅል ሲያልቅ ይሠራል ወይ፣ አምስተኛውም ስሕተት ቢፈጠር ተጠያቂው ማን ነው የሚሉ ናቸው። ዋጋን በመመዘኛነት ያልቆጠርሁት ብሩ ከወር ወር ስለሚለዋወጥ ነው፤ የትኛው ውድ የትኛው ርካሽ እንደሆነ ግን በየቦታው እጠቅሳለሁ።

መፈተኛዎቼ ስድስት አጫጭር ዐረፍተ ነገሮች ናቸው። «ሂ ወዝ ቻርጅድ ዊዝ ቴፍት» በስርቆት ተከሰሰ ማለት ነው። «ዘይ ቻርጅድ ሂም ፎር ስቶሬጅ» የማከማቻ ኪራይ አስከፈሉት፤ «ሺ ኢዝ ኢን ቻርጅ ኦፍ ዘ ዋርድ» የሕሙማን ክፍሉ ኃላፊ ናት፤ «ዘ ባተሪ ዊል ኖት ቻርጅ» ባትሪው አልሞላ አለ፤ «ዘ ኦክስ ቻርጅድ አት ዘ ቦይ» በሬው ሊወጋው ወደ ልጁ ተንደረደረ ይላሉ። ስድስተኛውን ያገኘሁት ሐረር ውስጥ አስጎብኚ ከሆነ ወዳጄ ነው። ማታ ከጀጎል ግንብ ውጭ ጅብ ሲመገብ ለማየት የሄደች አንዲት እንግዳ ጅቦቹ ሲቀርቡ ደንግጣ «ዊል ዘይ ቻርጅ?» ብላ ጠየቀችው። እሱም በእርጋታ «አዎ፣ በሰው ነው» አላት። እሷ የጠየቀችው ጅቦቹ ይዘሉብናል ወይ ብላ ሲሆን፣ እሱ የመለሰው የጅብ መጋቢዎቹን ክፍያ ነበር። መስተዋድድ ስለሌለው ይህን ዐረፍተ ነገር የትኛውም መጽሐፍ ብቻውን ሊፈታው አይችልም፤ መሣሪያው ይህን አሻሚነት ያስጠነቅቃል ወይስ ደፍሮ አንዱን ይመርጣል የሚለውን ለማየት ግን እጠቀምበታለሁ።

የኪስ እንግሊዝኛ–አማርኛ መዝገበ ቃላት

በየመጽሐፍ አዟሪው እጅ የሚገኘው፣ ርካሹና ብዙ ሰው የሚገዛው ይህ ነው። ጥቅሙን ማቃለል አይገባም። መብራትም ኢንተርኔትም አይፈልግም፣ ቦርሳ ውስጥ ይገባል፣ አንድ ፍቺ ብቻ ላለው ቃል ደግሞ መልሱ ፈጣንና በአብዛኛው ትክክል ነው። የመሣሪያ ስም፣ የእንስሳ ስም፣ የበሽታ ስም ለሚፈልግ ሰው ከዚህ በላይ ባይገዛም ይሆናል።

ችግሩ የሚጀምረው እንደ «ቻርጅ» ካለው ቃል ላይ ነው። ካገላበጥኋቸው አብዛኞቹ ስምንና ግሥን እንኳ አይለዩም፤ መስተዋድድ የሚያሳይ አላገኘሁም። ከስድስቱ ዐረፍተ ነገሮች ስርቆቱን አንድ ሰው በግምት ሊፈታው ይችላል፤ የሕሙማን ክፍሉን ግን የመጋዘኑ ልጅ እንደሳተው ሁሉ መሳቱ አይቀርም። ለፊዚክስ ተማሪ ደግሞ ጭራሽ ያሳስታል። «ላይክ ቻርጅስ ሪፔል» የሚለው የመማሪያ መጽሐፍ ዐረፍተ ነገር ተመሳሳይ የኤሌክትሪክ ቻርጆች ይገፋፋሉ ለማለት ነው፤ በኪስ መዝገበ ቃላት ቃል በቃል የፈታ አንድ ተማሪ «ክሶችን መውደድ ይመልሳል» ብሎ ደብተሩ ላይ ጽፎ አይቻለሁ። ሦስቱም ቃላት መጽሐፉ ውስጥ አሉ፤ ሦስቱም በየራሳቸው ትክክል ናቸው። የተገኘው ዐረፍተ ነገር ግን ከኤሌክትሪክም ከአማርኛም አይደለም።

ትልቁ ባለሁለት ቋንቋ መዝገበ ቃላት

ከኪሱ የሚለየው በገጹ ብዛት ሳይሆን በአሠራሩ ነው። የሚፈለገው ዐይነት እያንዳንዱን ፍቺ በሙሉ የእንግሊዝኛ ዐረፍተ ነገር አስገብቶ ከነአማርኛ ትርጉሙ የሚያሳየው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1973 የታተመው የቮልፍ ሌስላው የእንግሊዝኛ–አማርኛ መዝገበ ቃላት በዚህ መንገድ የተዘጋጀ በመሆኑ እስከ ዛሬ ተርጓሚዎች ይፈልጉታል። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን መመዘኛ አንድ ላይ የሚያሟላ የወረቀት መሣሪያ ከዚህ ሌላ አላውቅም። ነገር ግን ከዚያ ዘመን ወዲህ የተሞሉት ስልኮችና መኪኖች በእሱ ውስጥ የሉም፣ ዋጋው ከባድ ነው፣ ድሬዳዋ ውስጥ ገበያ ላይ ማግኘትም ዕድል ይጠይቃል። አሮጌ ቅጂ ያገኘ ሰው ቢገዛው አይቆጭም፤ ያላገኘ ሰው ግን በፍለጋ ጊዜውን ባያቃጥል ይሻላል።

እንግሊዝኛ በእንግሊዝኛ የተዘጋጀ የተማሪዎች መዝገበ ቃላት

ብዙ ገዢዎች ይህን የሚሸሹት «እንግሊዝኛውን ባውቅ ኖሮ መዝገበ ቃላት ምን ያደርግልኛል?» በሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም መጻሕፍቱ የተዘጋጁት ለዚሁ ሰው ነው። ሎንግማን እ.ኤ.አ. በ1978 ባወጣው የተማሪዎች መዝገበ ቃላት ፍቺዎቹን ሁሉ ወደ 2,000 በሚጠጉ የተመረጡ ቃላት ብቻ ጻፈ፤ ኦክስፎርድም ኋላ ላይ በ3,000 ቁልፍ ቃላት ላይ የተመሠረተ አሠራር ተከተለ። ኮሊንስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1987 ባወጣው፣ ኮቢልድ በተባለው መዝገበ ቃላት ቃሉን በሙሉ ዐረፍተ ነገር ውስጥ አስገብቶ የመፍታት ዘዴ ጀመረ፤ «አንድ ሰው ለአንድ ነገር ይህን ያህል ቻርጅ ካደረገህ፣ ያን ያህል ገንዘብ እንድትከፍለው ይጠይቅሃል» በሚለው ዐይነት። ይህ የመጨረሻው አካሄድ መስተዋድዱን ከፍቺው ጋር አጣብቆ ስለሚያስተምር ለእኛ ተማሪዎች ከሌሎቹ ይበልጥ ይስማማል ባይ ነኝ። የሁለት ሺህ ቃላት እውቀት ደግሞ እስከ ስምንተኛ ክፍል በትጋት የተማረ ልጅ የማይደርስበት አይደለም።

እዚህ ላይ ገዢው ሊያጣራው የሚገባ አንድ ነገር አለ፤ እሱም የፍቺዎቹ ቅደም ተከተል ነው። የተማሪዎች መዝገበ ቃላት በአጠቃቀም ብዛት ስለሚደረደሩ «ቻርጅ» በስምነቱ ሲፈለግ ክፍያ ከፊት ይመጣል። እንደ አሜሪካው ሜሪያም ዌብስተር ያሉት ለአገሬው ተወላጅ የተዘጋጁ መዝገበ ቃላት ግን በታሪክ ቅደም ተከተል ይሄዳሉ፤ በእነሱ ዘንድ የመጀመሪያው ፍቺ የጥንቱ «መጫን» ነው። ወፍራም ነው፣ አሜሪካ የታተመ ነው ተብሎ ከዘመድ የተላከለት ተማሪ የመጀመሪያውን ፍቺ አንሥቶ ቢሄድ፣ ዛሬ እንግሊዞቹ ራሳቸው የማይሉትን ይዞ ይመጣል። መጽሐፉ መጥፎ ሆኖ አይደለም፤ ለሌላ ሰው የተዘጋጀ ስለሆነ ነው።

ከስድስቱ ዐረፍተ ነገሮች አምስቱን ይህ መሣሪያ ያለ ጥርጥር ይፈታል። የጎደለው የአማርኛው አቻ ነው። ባለቤቱ «ቻርጅ ነርስ» በተረኛው ፈረቃ ክፍሉን የምትመራ ነርስ እንደሆነች ከገባው በኋላ፣ በሆስፒታሉ ምን ተብላ እንደምትጠራ ራሱ ማወቅ አለበት።

ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ የስልክ መተግበሪያ

ስለዚህ ብዙ የሚባል የለም። ያየኋቸው አብዛኞቹ የኪሱ መዝገበ ቃላት በስክሪን ላይ ናቸው፤ ያው ሰልፍ፣ ያው ነጠላ ሰረዝ፣ በተጨማሪም ማስታወቂያ። የሚበልጡት በፍለጋ ፍጥነትና አንዳንዶቹ ድምፅ በማሰማታቸው ነው። ነፃ ስለሆኑ ለሙከራ መጫን አይጎዳም፤ ገንዘብ ከፍሎ ማስታወቂያውን ማስጠፋት ግን የፍቺውን ጥራት አይለውጠውም።

የማሽን ትርጉም

ጉግል ትራንስሌት አማርኛን የጨመረው እ.ኤ.አ. በየካቲት 2016 ነው። ለድሬዳዋ ሰው ሌላም ጥቅም አለው። እዚህ ብዙ ደንበኛ በቤቱ የሚናገረው አፋን ኦሮሞ ወይም ሶማሊኛ ነው፤ ለእሱ እንግሊዝኛውን በአማርኛ በኩል መረዳት ሁለት ወንዝ መሻገር ይሆንበታል። ሶማሊኛ እ.ኤ.አ. በ2013፣ አፋን ኦሮሞና ትግርኛ በ2022 ስለገቡ አሁን በቀጥታ መሻገር ይቻላል።

ይህን መሣሪያ የሚጠቀም ሰው ሊያውቀው የሚገባው ሕግ ከመዝገበ ቃላት ሕግ ተቃራኒ ነው። መዝገበ ቃላት ነጠላ ቃል ይፈልጋል፤ ማሽኑ ግን ነጠላ ቃል ሲሰጡት በጭፍን አንዱን ይመርጣል፣ ዐውዱ በረዘመለት መጠን ደግሞ ይሻሻላል። ስለዚህ «ቻርጅ» ብቻውን ሳይሆን ሙሉው ዐረፍተ ነገር፣ ቢቻልም ከፊትና ከኋላ ካሉት ጋር፣ ይግባለት። በመስተዋድድ የታጠሩትን አምስት ዐረፍተ ነገሮች ስሰጠው አብዛኞቹን አስተካክሎ አውጥቷቸዋል። የሐረሯን እንግዳ ጥያቄ ግን ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ወደ ክፍያ ወሰደው፤ እንደ ወዳጄ ማለት ነው። እየተጠየቁ የሚመልሱት አዳዲሶቹ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራሞች «ሁለት መልክ አለው» ብለው ለማስረዳት የተሻሉ ሲሆኑ፣ ሲሳሳቱም በዚያው ሙሉ ልብ ስለሚናገሩ እንግሊዝኛ የማያውቅ ሰው የሚያርማቸው ነገር አይኖረውም።

በተለይ የሕግ ወረቀት ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። «ቻርጅድ» ማለት ክስ ተመሠረተበት ማለት ነው፤ ተጠረጠረ ወይም ተያዘ ማለት አይደለም፣ ጥፋተኛ ተባለ ማለት ደግሞ ከቶ አይደለም። በአማርኛ ተጠርጣሪ፣ ተከሳሽ፣ ጥፋተኛ የሚሉት ሦስት ስሞች ሦስት የተለያዩ ደረጃዎች ናቸው። አንዲት እናት ከውጭ የመጣላቸውን ወረቀት በስልክ አስተርጉመው «ልጄ ተፈረደባት» ብለው እያለቀሱ መጥተውብኝ ያውቃሉ፤ ወረቀቱ ስለ ክስ መመሥረትና ስለ ቀጠሮ ቀን ብቻ የሚናገር ነበር። አንዲት ቃል በስልኩ ላይ «ተወንጅላለች» ተብላ መጥታ፣ እሳቸው የቀረውን በፍርሃታቸው ሞልተውታል።

ሌላው የምስጢር ጉዳይ ነው። የደንበኛ ውል፣ የባንክ ሒሳብ ወይም የሕክምና ወረቀት እንዳለ ወደ እንዲህ ያለ አገልግሎት ማስገባት፣ ሰነዱን ከእጅ አውጥቶ ወደ ሌላ ሰው ኮምፒውተር መላክ ማለት ነው።

ተርጓሚ

እኔ ራሴ ከዚሁ ሥራ የምበላ ስለሆንሁ በዚህ ክፍል የምለውን አንባቢ በጥንቃቄ ይየው። ተርጓሚ ውድ ነው፣ ቀጠሮ ይፈልጋል፣ ይሳሳታልም። ከሌሎቹ የሚለየው ፊርማውንና ማኅተሙን ስለሚያኖር መጠየቅ መቻሉና፣ ግራ ሲገባው «ይህን ደብዳቤ የጻፈው ማን ነው? ለማን ነው?» ብሎ መጠየቁ ነው። ለፍርድ ቤት፣ ለኤምባሲ ወይም ለሰነድ ማረጋገጫ የሚቀርብ ወረቀት ላይ ሌላ አማራጭ መፈለግ አያዋጣም። ለዕለት ደብዳቤ ግን ለተርጓሚ መክፈል ብክነት ነው።

ተርጓሚ ሲመረጥም «ቻርጅ» ይሠራል። ሰውየው ዐረፍተ ነገሩን ሳያይ ወዲያው «ክስ ነው» ወይም «ክፍያ ነው» ካለ ይቆዩ፤ «ከምን ጋር መጣ?» ብሎ ከጠየቀ ወረቀቱን ይስጡት።

ሕግ ነክ ቃል ለሚያዘወትሩ ደግሞ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነፃ መሣሪያ አለ። የፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ አዋጆችን በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን ያትማል፤ በአዋጅ ቁጥር 3/1987 መሠረትም ልዩነት ሲኖር የሚጸናው አማርኛው ነው። በ1954 የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግም በሁለቱም ቋንቋ ስላለ፣ ስለ ክስ አቀራረብ የሚናገረውን ክፍል በሁለቱም አስተያይቶ ያነበበ ሰው ከየትኛውም መዝገበ ቃላት የማያገኘውን የችሎት አማርኛ ያገኛል።

በሠንጠረዥ ሲታይ

| አማራጭ | ፍቺ መለየት | መስተዋድድና ምሳሌ | የአማርኛ አቻ | ያለ ኢንተርኔት | ወጪ |
|---|---|---|---|---|---|
| የኪስ መዝገበ ቃላት | ደካማ | የለም | አለ፣ ግን አይመረጥም | ይሠራል | ዝቅተኛ |
| ትልቁ ባለሁለት ቋንቋ | ጥሩ | አለ | ጥሩ፣ ለአዲስ ነገር ያረጀ | ይሠራል | ከፍተኛ |
| እንግሊዝኛ በእንግሊዝኛ | በጣም ጥሩ | በጣም ጥሩ | የለም | ይሠራል | መካከለኛ |
| የስልክ መተግበሪያ | ደካማ | አልፎ አልፎ | እንደ ኪሱ | በአብዛኛው ይሠራል | ነፃ |
| የማሽን ትርጉም | ዐውድ ካገኘ ጥሩ | አያሳይም | ተለዋዋጭ | የአማርኛው ፋይል አስቀድሞ ከወረደ | የኢንተርኔት ብቻ |
| ተርጓሚ | በጣም ጥሩ | ይጠይቃል | በጣም ጥሩ | አይመለከተውም | በገጽ፣ ውድ |

ተጠያቂነትን በሠንጠረዡ ያላስገባሁት ከተርጓሚው በቀር ሁሉም አንድ ዐይነት መልስ ስለሚኖራቸው ነው።

ለማን የትኛው?

ከዘጠነኛ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ላለ ተማሪ እንግሊዝኛ በእንግሊዝኛ የሆነውን፣ ሁለተኛ እጅም ቢሆን፣ እመክራለሁ። የፊዚክሱ «ቻርጅ» በኩሎምብ የሚለካ መጠን ነው፤ የአንድ ኤሌክትሮን ቻርጅ 1.602 × 10⁻¹⁹ ኩሎምብ ያህል ሲሆን ምልክቱ አሉታዊ ነው። ይህን ክስም ክፍያም ብሎ መተርጎም አይቻልም፤ ስለዚህ ቃሉን እንዳለ ይዞ ትርጉሙን በእንግሊዝኛው መረዳት ይቀላል። አቅም ከሌለ ሁለት ሦስት ተማሪዎች ተዋጥተው አንድ ቢገዙ፣ እያንዳንዳቸው የኪስ መዝገበ ቃላት ከሚይዙ ይሻላቸዋል።

ትራንዚተርና ነጋዴ በሌላ መንገድ ቢሄዱ ይበጃል። የሚያዩት ወረቀት ዐይነቱ ውሱን ነው፤ በደረሰኝ ላይ «ቻርጅ» ሁልጊዜ ክፍያ ነው፤ ጥያቄው የምን ክፍያ እንደሆነ ነው። የወደብ አያያዝ፣ የማከማቻ፣ የኮንቴይነር መዘግየት፣ የማጓጓዣ፤ እነዚህን በየራሳቸው የአማርኛ ስም በአንዲት ደብተር አሥፍሮ ከዲክላራሲዮኑ ጋር ማስቀመጥ ከማንኛውም መጽሐፍ ይበልጣል። «ፍሪ ኦፍ ቻርጅ» በነፃ ማለት መሆኑን፣ «ቻርጅ ኢት ቱ ማይ አካውንት» ደግሞ በእኔ ሒሳብ ያዘው ማለት መሆኑን ይጨምሩበት። ለቀረው ማሽኑ ይበቃቸዋል። በ2024 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ካገደ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና ወረቀትም እየበዛ ነው፤ በእነዚያ ላይ «ቻርጂንግ ቻርጅ» የሚል ቢገኝ የመሙያ ክፍያ ነው፣ የኅትመት ስሕተት አይደለም።

ለሐረር አስጎብኚዎችና ለሆቴል ሠራተኞች ንግግሩ ፈጣን ስለሆነ መጽሐፍ ለመግለጥ ጊዜ የለም። እነሱ ቃሉን በጥንዶች ቢያጠኑት ይሻላል፤ ኤክስትራ ቻርጅ ተጨማሪ ክፍያ፣ ኢን ቻርጅ ኃላፊ፣ ቻርጅ አት መንደርደር። በድምፅ የሚያነብ መተግበሪያ ለዚህ ጥሩ ነው።

ነርሶችና ሥራ ፈላጊዎች የእንግሊዝኛውን መዝገበ ቃላት ከማሽኑ ጋር አጣምረው ረቂቁን ራሳቸው ይሥሩ፣ የመጨረሻውን ቅጂ ብቻ ለሰው ያሳዩ። የፍርድ ቤት ወረቀት የመጣበት ሰው ደግሞ ወደ ተርጓሚ ከመሄዱ በፊት ስልኩን ቢያጠፋ ይሻላል፤ ልቡ ያርፋል።

በመጨረሻ ወረቀት ለሚገዙ አንድ የገበያ ነገር። ከሚሸጡት መዝገበ ቃላት ብዙዎቹ ፎቶ ኮፒ ተደርገው የተጠረዙ ናቸው፤ ገጽ የዘለለ፣ የተደገመ ወይም ዳሩ የተቆረጠ አይታጣም። ስለዚህ «ቻርጅ» ያለበትን ገጽ ሲያገኙ ከፊቱና ከኋላው አሥር አሥር ቅጠል ይቁጠሩ፣ የገጹ ቁጥር ሳይዘል መቀጠሉንም ይዩ። ሻጩ መጽሐፉ በፕላስቲክ ታሽጓል፣ አይገለጥም ካለ ወደ ቀጣዩ አዟሪ ይለፉ።